«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው? የቤት ውስጥ ገመድ አልባ ራውተር ብልሽትን የመለየት ዘዴ



የዛሬው ርዕስ ለሕዝባዊ ንግግር ያነሰ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ስለ መገናኛ ንድፈ ሐሳብ በጥልቀት መናገር እየተቻለ በየሳሎኑ ጥግ ስለተቀመጠች አንዲት ነጭ ሳጥን ምሽቱን መውሰድ ለምን አስፈለገ? በሲቀላም ሆነ በሴቻ አንድ ቤተሰብ ለኢንተርኔት በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ከአስቤዛው ላይ የሚቀነስ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሰዓት የቀረው ተማሪም ያቺ ሳጥን ዝም ስትለው የሚጠብቀው ኪሳራ ቀላል አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን፣ አብዛኛው ሰው በዚያ ጭንቅ መካከል የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ የሁለት ሰዓቱን ችግር ወደ ሦስት ቀን የሚያራዝም መሆኑ ነው። ስለዚህ እርምጃ ወዲያው እመለሳለሁ።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው አነጋገራችን ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ሕመሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን የት እንደሆነ አልተነገረም። በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ከዓለም ጋር የሚገናኘው በአንድ ሳይሆን እርስ በርስ በተቀጣጠሉ አራት መንገዶች ነው። የመጀመሪያው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው አየር ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ራሱና የሚመገበው ኤሌክትሪክ ነው። ሦስተኛው ከራውተሩ ተነስቶ በግድግዳው በኩል ወደ አገልግሎት ሰጪው ማዕከል የሚሄደው የመዳብ ወይም የፋይበር መስመር ነው። አራተኛው ከማዕከሉ በኋላ ያለው ዓለም ነው፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ይህ መንገድ የጎረቤት አገሮችን ምድር አቋርጦ ወደ ባሕር ውስጥ ገመዶች ይደርሳል። «ዋይፋይ» ብለን የምንጠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ዋይፋይ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል፤ በስልኩ ራስ ላይ የሚታዩት ቅስቶች የሚናገሩት እስከ ሳሎኑ ጥግ ድረስ ስላለው መንገድ እንጂ ከዚያ ወዲያ ስላለው አይደለም።

ይህ የተሰበሰብንበት ተቋም በ1979 ዓ.ም. ሲመሠረት የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዘዴውን ከውኃ መሐንዲሶች ብበደር የሚቀየመኝ አይኖርም። ቧንቧ ውኃ ሲያቆም አስተዋይ መሐንዲስ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያስቆፍርም። መሐል ላይ ያለውን መክፈቻ ይሞክራል፤ እዚያ ውኃ ካለ ችግሩ ከዚያ በታች ነው፣ ከሌለ ከዚያ በላይ ነው። በአንዲት ሙከራ የመስመሩ ግማሽ ነፃ ይወጣል። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የእኛ መሐል መክፈቻ ራውተሩ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን እጃችንን እንሰብስብ። ራውተሩን ከመንካታችሁ በፊት መብራቶቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እነዚያ ትንንሽ መብራቶች የሳጥኗ ምስክርነት ናቸው፤ ሳጥኗን አጥፍታችሁ ስታበሩ ምስክርነቱ ይጠፋል። ማጥፋትና ማብራት ብዙ ጊዜ እንደሚፈውስ አልክድም። የራውተሩ ማስታወሻ በተከፈቱ ግንኙነቶች ዝርዝር ሲጨናነቅ፣ ወይም ከማዕከሉ ጋር የነበረው ውል ተቋርጦ ሳይታደስ ሲቀር፣ እንደገና መነሣቱ ሁሉን ከአዲስ ያስጀምራል። ነገር ግን በየቀኑ እየጠፋ እየበራ የሚሠራ ራውተር የዳነ ራውተር አይደለም።

ችግሩን የሚያራዝመው እርምጃ ብዬ ያልኩት ሌላ ነው። በራውተሩ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ በመርፌ ካልሆነ የማትነካ ቀዳዳ አለች። እርሷን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ራውተሩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰዋል፤ ከዋይፋይ የይለፍ ቃሉ ጋር አገልግሎት ሰጪው የሞላውን የመለያ ስምና የምስጢር ቃልም ሊሰርዝ ይችላል። በተለይ በመዳብ መስመር በሚሠሩ ራውተሮች ላይ እነዚያ ሁለት ቃላት ከሌሉ ማዕከሉ በር አይከፍትም። ቃላቱን በወረቀት ጽፎ ያስቀመጠ ቤተሰብ ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምሽት ላይ በመርፌ የተነካች ቀዳዳ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን ታጨልማለች። ማጥፋትና ማብራት አንድ ነገር ነው፤ መርፌዋ ሌላ ነገር ናት። አንዱን ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ልዩነት ያዙ።

አሁን ወደ መሐል መክፈቻችን እንምጣ። ኮምፒዩተር ካላችሁ ከራውተሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የመጣውን አጭር ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ። በገመድ ከሠራና በዋይፋይ ካልሠራ ችግሩ አየሩ ላይ ነው፤ በገመድም ካልሠራ አየሩን ተዉት። ገመዱ ከሌለ «ፒንግ» የሚባለው ትእዛዝ አለ። በቅድሚያ የራውተሩን አድራሻ ጥሩ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ካልሆነም ከሳጥኗ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ቀጥሎ በውጭው ዓለም ያለ የታወቀ አድራሻ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8ን ጥሩ። በመጨረሻም አንድ ድረ ገጽ በስሙ ጥሩ። ራውተሩ በጥቂት ሚሊሰከንድ ሳይዛነፍ እየመለሰ ውጭው ዝም ካለ ጥፋቱ መስመሩ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። የራውተሩ መልስ አንዴ በ3፣ አንዴ በ700 ሚሊሰከንድ ከመጣ፣ ወይም ከአሥሩ ጥሪ አራቱ ከጠፋ፣ ጥፋቱ አየሩ ላይ ነው። አድራሻው መልሶ ስሙ ካልመለሰ ደግሞ የተበላሸው ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት፣ ዲኤንኤስ የምንለው ነው፤ ይህ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ሌላ የዲኤንኤስ አድራሻ በመሙላት የሚፈታ ቀላል ሕመም ነው።

አየሩ ላይ ሰፋ አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በከተማችን ቤቶች ከሚገጥሙን ችግሮች በርካታዎቹ እዚያ ናቸውና።

የዋይፋይ ሞገድ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሲጓዝ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ይህ ሞገድ ሁለት ታላላቅ ጠላቶች አሉት፤ ብረትና ውኃ። ብረት ይመልሰዋል፣ ውኃ ይውጠዋል። እንግዲህ የአንድ የአርባ ምንጭ ግቢ አሠራር አስቡ። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላ ለተማሪ የሚከራዩ የሰርቪስ ክፍሎች፣ በመካከላቸው ውኃ የሞላ ሮቶ፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር፣ በላዩ የማንጎ ዛፍ። ሮቶው ሲሞላ የውኃ ግድግዳ ነው። አንድ ተከራይ «ጠዋት ይሠራል፣ ማታ አይሠራም» ብሎ ሲያማርር ራውተሩን ከመመርመር በፊት ውኃ የሚመጣው ስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። የጭቃ ግድግዳም በደረቁ ወራት ከሚያሳልፈው በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ እርጥበት ሲጠጣ ያነሰ ያሳልፋል። በተቃራኒው ከከተማችን በላይ ባለው ደጋ፣ በዶርዜ፣ ከቀርከሃ የሚፈተለው ረጅም ቤት ግድግዳው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ለዚህ ሞገድ እንደ ወንፊት ነው። ብሎኬት በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ብረት የበዛበት ኮንክሪት ግን ክፉ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ፣ ከቁም ሳጥኑ መስተዋት አጠገብ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን አታስቀምጡት። ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ቤቱ መካከል አስጠግታችሁ አኑሩት። በላዩ ላይ የምናለብሰው ዳንቴልስ? ዳንቴሉ ሞገዱን አይከለክልም፤ የሚከለክለው አየሩን ነው። ከተማችን በ1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ራሱ ሲግል ለምለም ጥልፍ የለበሰች ሳጥን ትንፋሽ ያጥራታል፤ ሲሞቃት ትዘገያለች፣ አንዳንዴም ራሷን አጥፍታ ትነሣለች። የእናቶቻችንን የእጅ ሥራ እያከበርኩ፣ ዳንቴሉ ከሥር ቢነጠፍ እመርጣለሁ።

አንቴናውን ደግሞ እንደ ጠመንጃ ወደ መኝታ ቤት የሚያነጣጥር ሰው ብዙ ነው። ዘንግ አንቴና ጉልበቱን የሚረጨው ወደ ጎኖቹ ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ የሚሄደው እጅግ ጥቂት ነው። ወደምትፈልጉት ክፍል ጫፉን ስትቀስሩ ለዚያ ክፍል የሰጣችሁት ደካማውን ጎን ነው። በምድር ቤት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ፎቅ ካለ ከሁለቱ አንዱ ይዘንበል።

የምልክቱን ጥንካሬ በስልክ መተግበሪያ ስትለኩ በዲቢኤም የተጻፈ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ታያላችሁ። ልኬቱ ሎጋሪዝማዊ ነው፤ በ3 ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ፣ በ10 ሲቀንስ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከ−67 የተሻለ ከሆነ ለቪዲዮ ውይይት ይበቃል፤ ወደ −80 ከወረደ ጽሑፍ እንኳ ይንቀራፈፋል። በየክፍሉ እየዞራችሁ ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ብታሰፍሩ የቤታችሁን ካርታ ታገኛላችሁ፤ ያ ካርታ ከማንኛውም አዲስ ራውተር ግዢ መቅደም አለበት።

ምልክቱ ጠንካራ ሆኖ ፍጥነቱ የሚሞትበትም ጊዜ አለ። ይህን ለማስረዳት የጋሞ ሽማግሌዎች ጉባኤ ከሚቀመጥበት ከዱቡሻ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በዱቡሻ አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል። ዋይፋይም ሕጉ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት አየሩን ያደምጣል፣ ሌላ እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል፣ ጸጥታ ሲሆን በዕጣ የደረሰውን ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይናገራል። የዚህ ሥርዓት አያት እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደሴቶችን በሬዲዮ ለማገናኘት ሥራ የጀመረው አሎሃኔት ነው፤ እርሱ ግን ሳያደምጥ ይናገር ነበር፣ ቃላት ሲጋጩም ደግሞ ይናገር ነበር። ማድመጥ የተጨመረው ኋላ ነው፤ የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብም እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። እንግዲህ ጉባኤው ሲበዛ ተራው ይርቃል። በአንድ ሰፈር ያሉ ሃያ ራውተሮች ሁሉ በአንድ ቻናል ከተቀመጡ ሃያ ቤተሰብ በአንድ ዱቡሻ ተራ ይጠብቃል ማለት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ 13 ቻናሎች ቢቆጠሩም እርስ በርስ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የጎረቤቶቻችሁን ቻናል በመተግበሪያ አይታችሁ ከሦስቱ ባዶ ወደሆነው ተዛወሩ። 3ን ወይም 4ን መርጦ ከሁሉ እሸሻለሁ ማለት ከሁለት ወገን መታወክ ነው።

በዱቡሻው ሁለት ሰዎች በተቃራኒ ዳር ተቀምጠው ሊቀመንበሩን ብቻ እየሰሙ እርስ በርስ ባይሰማሙስ? ሁለቱም ጸጥታ መስሏቸው በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ሊቀመንበሩ የአንዱንም ቃል አይለይም። በግቢያችን ይህ የሚሆነው በፊት ለፊቱ ሳሎን ያለው ኮምፒዩተርና በኋለኛው ሰርቪስ ያለው ስልክ ሁለቱም ራውተሩን እየሰሙ በመካከላቸው ባለው ግድግዳና ሮቶ ምክንያት እርስ በርስ ሳይሰማሙ ሲቀሩ ነው። መድኃኒቱ ከኋላ ላሉት ክፍሎች በገመድ የተሳበ ሁለተኛ የማሰራጫ ነጥብ በሌላ ቻናል መትከል ነው። በገበያ የሚሸጡት ምልክት ደጋሚዎች በአብዛኛው የሰሙትን በዚያው ቻናል ደግመው ስለሚናገሩ የጉባኤውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይወስዳሉ፤ እኔ ለዚያ ገንዘብ ገመድ ብትገዙበት እመርጣለሁ።

5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር ካላችሁ ቅርብ ላሉት መሣሪያዎች ተጠቀሙበት። ቻናሉ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በእኩል ርቀትና አንቴና የሚደርሰው ኃይል ከ2.4 ይልቅ ከ4 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው፣ ግድግዳም ይበልጥ ያደክመዋል።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ምጣዱን። «እንጀራ ሲጋገር ኢንተርኔት ይጠፋል» የሚለውን አቤቱታ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የዋይፋይ ሞገድን አያውክም፤ እርሱ የሚግል ሽቦ ብቻ ነው። የሚያደርገው ሌላ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ የቤቱ መስመር ተቃውሞ 2 ኦም ቢሆን ከ220 ቮልቱ ወደ 28 ገደማ ይጥላል። ታዲያ የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ ብታነቡ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ 192 ቮልት ሊያጠፋው አይገባም። ስለዚህ ምጣዱ ሲበራ የራውተሩ መብራት ከጠፋ ልትጠረጥሩ የሚገባው የላላ ሶኬት፣ ምጣዱና ራውተሩ የተጋሩት ርካሽ ማከፋፈያ፣ ወይም ያረጀ አዳፕተር ነው። ራውተሩን ወደ ሌላ ሶኬት አዛውሩ፤ ካልተሻለው ቮልቱና አምፔሩ በሳጥኗ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚስማማ አዳፕተር ተውሳችሁ ሞክሩ። የላላውን ሶኬት ግን ለኢንተርኔቱ ሳይሆን ለቃጠሎ ብላችሁ አሠሩት።

ወደ መስመሩ ስንመጣ መዳብና ፋይበር የተለያየ ባሕርይ አላቸው። በመዳብ ስልክ መስመር የሚሠራ ራውተር ላይ «ዲኤስኤል» የተጻፈበት መብራት ሳያቋርጥ መብራት አለበት። ብልጭ ድርግም ካለ ከማዕከሉ ጋር ገና አልተግባባም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ውኃ የገባበት መጋጠሚያ አለ ማለት ነው፤ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በቤታችሁ አለ፣ እርሱም የስልኩ እጀታ ነው። አንሡት፣ የድምፁ ቃና እንዲቆም አንድ ቁጥር ንኩ፣ ከዚያም አድምጡ። ንጹሕ መስመር ጸጥ ይላል፤ የታመመ መስመር እንደሚጠበስ ቡና ይንጣጣል። ከስልኩ በፊት የሚገባው ማጣሪያ ከተረሳ ደግሞ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። መብረቅ ሲያስፈራ የኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ ንቀሉ፤ መብረቅ በሁለቱም በር ይገባል።

ፋይበር ዝናብም መብረቅም አያውከውም፤ ጠላቱ መታጠፍ ነው። ከበር ሥር የተረገጠ ወይም በሚስማር የተጠመዘዘ ክር ብርሃኑ በጎኑ ያመልጠዋል። «ኤልኦኤስ» የተባለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከቤታችሁ አልደረሰም፤ ራውተሩን መቶ ጊዜ ብታጠፉ ብርሃን አይፈጥርም። ክሩ ከታጠፈበት ቀስ ብላችሁ አቅኑት፣ ካልሆነ ባለሙያ ጥሩ። የክሩን ጫፍ ነቅላችሁ በዓይናችሁ ግን አትመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ለዓይን ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ደኅና ሆኖ ድረ ገጾች ብቻ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ ሲዘጉ ቀን መቁጠሪያውን እዩ። ይህ የእኛ የኢትዮጵያውያን ልዩ ብልሽት ነው ማለት ይቻላል። የፈረንጆቹን 2025 በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ የሞላ ኮምፒዩተር የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ሲያይ ገና ወደፊት የሚሰጥ ስለሚመስለው አይቀበለውም። ባትሪው የሞተ አሮጌ ኮምፒዩተርም በተነሣ ቁጥር ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ራውተሩን የሚያስወቅሰው ይህ ጥፋት ከራውተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ስለ ጋራ ግቢዎች ጥቂት ልበል። አንድ መስመር ለስድስት ተከራይ ሲካፈል ጥላቻው የሚያርፈው ፊልም በሚያወርደው ላይ ነው። ከእርሱ የሚብሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቅ የሚልክ ነው፤ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሱ ወደ ጉግል የሚያስቀምጥ ስልክ ያለው ሰው። በመዳብ መስመር ወደ ውጭ የሚላክበት መንገድ ከሚገባበት እጅግ ጠባብ ነው፤ እርሱ ሲጨናነቅ የሁሉም ጥያቄ ከወረፋው ኋላ ይቆማል፣ ለመቀበልም መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋልና ሁሉ ይቆማል። ሌላው የግቢ በሽታ አንድ ተከራይ የራሱን ራውተር አምጥቶ ሲሰካ የሚመጣው ነው። ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ ከአዲሱ አድራሻ የተቀበለ ስልክ ወደሌለ በር ይመራል። ስልኩ የተሰጠውን አድራሻ ተመልከቱ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ማንም አልሰጠውም፣ ራሱ ለራሱ የፈጠረው ነው። በሁለተኛው ራውተር ላይ ዲኤችሲፒ የተባለውን አገልግሎት መዝጋት አብዛኛውን ጊዜ ጠቡን ያበርደዋል።

ጥፋቱ ከቤታችሁ ውጭ መሆኑን ካረጋገጣችሁና ደንበኝነታችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ወደ 994 ስትደውሉ «ኔትወርክ የለም» አትበሉ። ወርሃዊ ክፍያው መፈጸሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የአገልግሎት ቁጥራችሁን፣ ጥፋቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ ቅድም ያነሣችሁት ፎቶ ላይ የትኛው መብራት በምን ቀለም እንደነበረ፣ በገመድ ሞክራችሁ ምን እንዳገኛችሁ፣ ጎረቤታችሁም እንደጠፋበት ወይም እንዳልጠፋበት ንገሯቸው። «ከትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ኤልኦኤስ ቀይ ነው፣ ክሩ አልታጠፈም፣ የጎረቤታችን ይሠራል» ያለ ደንበኛ ባለሙያው መሰላልና የፋይበር መለኪያ ይዞ እንዲመጣ ያደርገዋል፤ ሌላው ደንበኛ ግን ራውተሩን አጥፍቶ እንዲያበራ ይነገረዋል። የአቤቱታችሁን ቁጥር ተቀብላችሁ ጻፉት።

ለቀሩት ደቂቃዎች ጥያቄ እቀበላለሁ። የራውተራችሁን መብራት ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ከመጣችሁ ከእርሱ እንጀምር።